ስልክ በተከለከለበት ማደያ በስልክ መክፈል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን ከደሴ ተነስቼ የሐረጎን ቁልቁለት ከወረድኩ በኋላ ቤንዚን ለመሙላት ኮምቦልቻ ውስጥ ወደ አንድ ማደያ ገብቼ ነበር። ከመቅጃው አጠገብ ባለው ምሰሶ ላይ በቀይ መስመር የተሰረዘ የስልክ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከሥሩ ደግሞ የቴሌብር መክፈያ ኮድ አለ። ቀጂዋ በአንድ እጇ መቅጃውን ይዛ በሌላው እጇ የታርጋ ቁጥሬን ስልኳ ላይ ትጽፋለች፤ እኔም ከጎኗ ቆሜ የሚስጥር ቁጥሬን አስገባለሁ። ከልካዩና አስገዳጁ ትእዛዝ በአንድ ምሰሶ ላይ ጎረቤት ሆነዋል። በልጅቷ አልፈርድም፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ እንዲፈጸም ስለተደነገገ ስልኩን አስቀምጪ ማለት ሥራሽን ተዪ ማለት ነው።

በኤሌክትሪክ ጥገና ሙያ የቆየሁ እንደመሆኔ የስልክን አደጋ አጋንኜ ማቅረብ አልፈልግም። ስልክ በቀድሞው ሁለተኛ ትውልድ ኔትወርክ ሲደወልበት የሚያሰራጨው ኃይል ቢበዛ 2 ዋት ነው፤ በአራተኛው ትውልድ ደግሞ ከ0.2 ዋት ብዙም አይዘልም። በአሜሪካ በማደያዎች የደረሱ ቃጠሎዎችን መዝግቦ የመረመረ የዘርፉ ማኅበርም በስልክ ጥሪ መነሳቱ የተረጋገጠ እሳት አላገኘም፤ ደጋግሞ ያገኘው ልብስና ወንበር ሲፋተጉ በሰውነት ላይ የሚጠራቀመውን ስታቲክ ኤሌክትሪክ ነው። ይህ ማለት ግን ስልክ ለቤንዚን ትነት የተሠራ ዕቃ ነው ማለት አይደለም። ባትሪው የተጎዳ ወይም ሲወድቅ የሚበተን ስልክ ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፤ ዓይኑን ስክሪን ላይ የተከለ ቀጂም ታንከሩ ሞልቶ ሲፈስ ዘግይቶ ነው የሚያየው። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ቅዝቃዜ እንኳ ሊቀጣጠል የሚችል ትነት ያወጣል፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ ሽቅብ ከመትነን ይልቅ እግራችን ሥር ይተኛል። በኮምቦልቻ ሙቀትማ ምን ያህል እንደሚተን መገመት አያዳግትም። ናፍጣ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ ክፍያው ከመቅጃው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ ነዳጁ ከመቀዳቱ በፊት ይፈጸም። ሰልፉ ይረዝማል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ነገር ግን አብዛኞቻችን «የሺህ ብር ቅጂልኝ» ብለን በብር ስለምንገዛ ሒሳቡ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ተራ ስንጠብቅ ከመኪናችን ሳንወርድ ልንጨርሰው እንችላለን። ቀጂውም መቅጃውን በሚይዝበት ጊዜ የታርጋ ምዝገባውን ሌላ ሠራተኛ ቢሠራው ሁለቱም ሥራ በወጉ ይሆናል። ከጅቡቲ የመጣ ቦቴ ሲያራግፍ ግን ከምድር ውስጥ ካለው ጋን የሚገፋው ትነት በማስተንፈሻ ቱቦው ስለሚወጣ፣ በዚያ ሰዓት በአካባቢው ስልክም ሆነ ሲጋራ ጨርሶ መታየት የለበትም። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላክል፤ ባጃጅ ላይ ወይም ፒክአፕ ጭነት ላይ እንዳለ የሚሞላ የፕላስቲክ ጀሪካን፣ ስታቲክ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ስለሌለው፣ ከስልኩ ይልቅ ያስፈራኛል፤ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ መቅጃው የጀሪካኑን አፍ ነክቶ ነው መቀዳት ያለበት።

ሁሉም ቦታ ላይ በጅምላ የሚለጠፍ ክልከላ የትም አይከበርም። በአንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ጥበቃው ስልክ የያዘውን ሁሉ ሲቆጣ፣ ውስጥ ግን የአስታማሚ ስልክ የመተንፈሻ መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ሲጠራ አይቻለሁ። በኮሪደሩ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ከመሣሪያው ግን ቢያንስ አንድ ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። የማደያዎቻችን ባለቤቶችና ተቆጣጣሪው አካል የስልኩን ምልክት መቅጃው ጋ ትተው የመክፈያውን ኮድ ወደ መግቢያው እንዲያዛውሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ
ከኮምቦልቻ