ደብዳቤ ለልጄ፦ ከጫካው በኩል ስለሚመጡት ተባዮች

ውድ ልጄ ሆይ፣

በፍራፍሬ ማሳሽ ላይ የደረሰው ጉዳት በጫካው በኩል ባሉት ረድፎች ላይ መበርታቱን ገልጸሽ፣ ጫካውን ማስመንጠር ይሻል እንደሆነ ስለጠየቅሽኝ፣ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ ወደድሁ።

ጫካ ለተባይ መጠለያም ቀለብም ነው። የፍራፍሬ ዝንብ ያንቺ ዛፎች ፍሬ ባልያዙበት ወቅት በዱር ፍሬዎች ላይ እየተራባች ትቆያለች፤ እነዚያ ሲያልቁና የማሳሽ ፍሬ መብሰል ሲጀምር፣ እንቁላሏን የምትጥልበት ፍለጋ ወደ አንቺ ትሻገራለች። በረገፈ ቅጠል ሥር ተሸሽገው ክፉውን ወቅት የሚያሳልፉም አሉ። በሰሜን አሜሪካ የፕሪምና የአፕል ዛፎችን የሚያጠቃው፣ ርዝመቱ ከ4 እስከ 6 ሚሊሜትር የሚሆን ነቀዝ መሰል ጥንዚዛ የብርዱን ወራት በዚህ መንገድ አሳልፎ ዛፎቹ ሲያብቡ ወደ እርሻው ይገባል፤ በለጋ ፍሬ ላይ የሚተወው የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጠባሳም ብዙውን ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በዳር ዛፎች ላይ ነው። በዚያው አገር ከዱር ቁጥቋጦ ፍሬ በቀር የማያውቅ አንድ የዝንብ ዓይነት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ አፕል ተሻግሮ፣ እስከ ዛሬ የአፕል አምራቾች ጠላት ሆኖ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ብነግርሽም ጫካውን እንዳትነኪው አደራ እልሻለሁ። የተባዩን እጭ፣ ማለትም ከእንቁላሉ የሚፈለፈለውን ትል፣ የሚበሉት ጉንዳኖችና ወፎች፣ በእጩም ውስጥ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ጥቃቅን ተርቦች የሚኖሩት እዚያው ነው፤ ዝንቧ ግን ርቃ መብረር ስለምትችል ጫካው ቢጠፋም ከሌላ ቦታ ትመጣብሻለች።

ይልቁንስ ዓይንሽን ከዳሩ አታንሺ። ፍሬው መብሰል ከመጀመሩ ሳምንታት ቀደም ብለሽ ወጥመዶቹን በጫካው በኩል ባሉት የመጀመሪያ ረድፎች ላይ ስቀይ። ፍሬውንም በእጅሽ እያገላበጥሽ እዪው፤ ዝንቧ የወጋችው ቦታ የመርፌ ጫፍ ያህል ነጥብ ሆኖ፣ አንዳንዴም የደረቀ የፈሳሽ ጠብታ ይዞ ይታያል። የወደቀውን ፍሬ ሳታሳድሪ ልቀሚ፤ ትሉ ከፍሬው ወጥቶ አፈር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀጥለው ትውልድ ዝንብ ሆኖ ይወጣልና። የለቀምሽውን በጥቁር ፕላስቲክ ከረጢት አጥብቀሽ አስረሽ ፀሐይ ላይ አቆዪው እንጂ፣ ብዙዎች እንደሚያደርጉት ወደ ጫካው አትጣዪው፤ እንዲህ ማድረግ ተባዩን በገዛ እጅ ማርባት ነውና በጣም ያሳዝነኛል።

ወጥመዶቹ መያዝ ሲጀምሩ የትኛው ረድፍ እንደቀደመ ጻፊልኝ፤ ዝንቧን ስቦ የሚገድለውን የሚረጭ ማባበያ የት ላይ እንደምታሳርፊው ያን ጊዜ እንመክርበታለን።

አባትሽ