የካርሜልን ደን ልትመድብ ለተነሳኸው ወዳጄ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው? ድምፄን ካጠፋሁ መቆየቴን አውቃለሁ፤ ወቀሳውን ስንገናኝ እቀበላለሁ። እስራኤል፣ ሃይፋ ሆነህ የካርሜል ተራራን የፓይን ደን በዕፅዋት ማኅበረሰብ (አብረው በሚበቅሉ ዝርያዎች ስብስብ) ልትመድብ ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከሁሉ በፊት፣ ዓይንህ ፓይኑ ላይ አይቅር። የአሌፖ ፓይን ነጩ ኖራማ አፈር ላይም፣ ቀዩ አፈር ላይም፣ በሰው እጅ በተተከለ ደንም ይበቅላል። ማኅበረሰቡን የሚለይልህ ከሥሩ ያለው ቁጥቋጦና ሣር ነው። ፒስታሺያ ሌንቲስከስ የሚባለው ቁጥቋጦ ግን በየቦታው ስለሚገኝ ብዙም አይለይልህም። ለአፈሩ 10 በመቶ የሆነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያዝ፤ ነጩ ላይ ጠብ ስታደርገው ክፉኛ ይንተከተካል፣ ቀዩ ላይ ብዙ ጊዜ ጭጭ ነው። ጠብታው የሚያርፈው የላመው አፈር ላይ ይሁን፤ ጠጠር ከነካ ሁለቱም ስለሚንተከተኩ ትሳሳታለህ።

የተተከለውን ከተፈጥሮው ለመለየት ዛፎቹ በመስመር መቆማቸውንና እኩያ መሆናቸውን ተመልከት። ፍሬውንም እይ፦ የአሌፖው በወፍራም አንገት ወደ ታች ይንጠለጠላል፤ ብሩቲያ የሚባለው ሌላው የፓይን ዝርያ ፍሬ ግን ቅርንጫፉ ላይ ተጣብቆ ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ ያያል። ብሩቲያ ካየህ ተከላ ነው፤ እዚያ አገር የተፈጥሮ ብሩቲያ የለም።

ዕፅዋቱን የምትመዘግብበትን የናሙና ቦታ፣ ማለትም ፕሎቱን፣ 10 በ20 ሜትር አድርገው፣ እስከ መጨረሻም አትቀይረው። አንዱን 100፣ ሌላውን 400 ካሬ ሜትር ካደረግኸው ሰፊው ብዙ ዝርያ ስለሚይዝ ብቻ ቡድን ይለይብሃል። ከመንገድ ዳር ራቅ። ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሣር ለየብቻ ይመዝገቡ፤ የፓይን ችግኝ ከሣሩ ጋር እንጂ ከዛፉ ጋር አይደመርም። ዕፅዋቱ መሬቱን የሸፈኑበት መጠን ድምር ከ100 በመቶ ቢያልፍ አትደንግጥ፣ እርከኖቹ ይደራረባሉ። የእያንዳንዱን ዝርያ ሽፋን በቁጥር በሚገልጸው በብራውን ብላንኬ ሚዛን 1 ከ5 በመቶ በታች፣ 2 እስከ 25፣ 3 እስከ 50፣ 4 እስከ 75፣ 5 ከዚያ በላይ ነው። ጥቂትና አነስተኛ ለሆነው የመደመር ምልክት (+) ይበቃል።

ጊዜው ከየካቲት አጋማሽ እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ነው። ሐምሌ ላይ ከወጣህ የአንድ ዓመት ዕፅዋቱ ደርቀው አልቀዋል፤ ሰንጠረዥህ ድሃ ደን ያሳይሃል፣ ደኑ ግን ድሃ አይደለም።

አብዛኛውን ሰው የሚያስተው እሳት ነው። የአሌፖ ፓይን የተዘጋ ፍሬውን ለዓመታት ተሸክሞ ይቆይና ቃጠሎ ሲመጣ ይከፍተዋል፤ ከዚያ በኋላ መሬቱን የፓይን ቡቃያና ሲስተስ የሚባለው ቁጥቋጦ ይወርሱታል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2010 በተቃጠለው ክፍል ያሉህ ፕሎቶች ኮምፒውተሩ በዝርያቸው መመሳሰል ሲያቧድናቸው አንድ ላይ ቢሰበሰቡ፣ ያሰባሰባቸው የቃጠሎው ዕድሜ ሊሆን ይችላል፣ አፈሩ ላይሆን። ስለዚህ የተቃጠለበት ዓመት በእያንዳንዱ ፕሎት ላይ ይጻፍ።

የሌላ አገር መረጃ ከቀላቀልህ ስሞቹን አስቀድመህ አስታርቅ። አንዱ መዝገብ ኩዌርከስ ካሊፕሪኖስ የሚለውን ኦክ ሌላው ኮክሲፌራ ይለዋል፤ እንዲሁ ካስገባኸው ቡድኖችህ በአገር ድንበር ይከፈላሉ። ዋናው ምደባ ላይ ደግሞ እነዚህን የቆላ ፓይን ደኖች ኩዌርሴቴያ ኢሊሲስ በሚባለው የዕፅዋት ምደባ ክፍል ውስጥ መክተት የቆየ ልማድ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ፒኔቴያ ሃሌፔንሲስ የሚል የራሳቸው ክፍል ወጥቶላቸዋል። እኔ በበኩሌ ለተፈጥሮው ደን እቀበለዋለሁ፤ ለተተከለው ግን ቸኩለህ አትለጥፍበት።

ሰንጠረዡን ስም ሳታወጣለት ከአፈሩና ከቃጠሎው መዝገብ ጋር ላክልኝ።

ወንድምህ