ጉዳዩ፦ ቅዳሜ ወደ ሐይቅ ሳትወስዱን ስለመቅረታችሁ

ለመኪና አከራይ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ደሴ

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ውሉና ስለ ከፈልኩት ቀብድ አልደግምም፤ ደረሰኙ እናንተ ጋ አለ። ቢሮ ስመጣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ ስደውል «ነገ ይደወልልሻል» እየተባልኩ ስለሰለቸኝ ነው በጽሑፍ የመጣሁት።

የቅዳሜውን ልንገርዎት። እንግዳዬ የእህቴ አማት ናቸው፤ ከጀርመን የመጡ ትልቅ ሴት። መኪናው ከንጋቱ 12 ሰዓት በር ላይ እንደሚቆም ቃል የገባልኝ የራሳችሁ ሠራተኛ ነው። «አታስቢ፣ እኔ አለሁ» አለኝ። እሳቸው ገና ሳይነጋ ተነስተው፣ የእናቴን ጋቢ ደርበው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ዳቦውም ቆሎውም ተቋጥሯል። 1 ሰዓት ሆነ፣ 2 ሰዓት ሆነ፤ ስልክ የሚያነሳ የለም። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳና የተመለሰልኝ ይህ ነው፦ «ምን አስቸኮለሽ? ሐይቁ እንደሆነ የትም አይሄድ!» ሹፌሩስ ስለው «ሌላ ሥራ ወጥቷል» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

እንግዳዬ ግን በማግስቱ ከኮምቦልቻ በረራ ነበራቸው። ይህንንም አስቀድሜ አስመዝግቤያለሁ።

ሐይቅ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሩቅ አገር አልጠየቅሁም። እስጢፋኖስ ገዳም ሴት እንደማይገባ ነግሬያቸው «ከዳር ሆኜ ባየው ይበቃኛል» ብለው ነበር። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያስተማሩበትን ደብር ከውኃው ዳር ቆመው ሊያዩ ጓጉተዋል። ከዚያ በዚያው መንገድ ውጫሌ ልንዘልቅ ነበር። በ1881 ዓ.ም. ከጣሊያን ጋር የውጫሌ ውል የተፈረመበትን፣ አንቀጽ 17 እስከ ዓድዋ ያደረሰንን ቦታ ላሳያቸው። ወሎዬ እንግዳውን እንዲህ አይሸኝም። በጣም አፍሬያለሁ።

ካነሳሁት አይቀር ሌላውንም ልጨምር። ከኮምቦልቻ ስትቀበሏቸው የኋላው ወንበር ቀበቶ መቆለፊያ አልነበረውም፤ የሐረጎን ዳገት በጉም ውስጥ ሲወጡ ቀበቶውን በእጃቸው ጨብጠው ነው ደሴ የገቡት። አይጠየፍ ላይ የንጉሥ ሚካኤልን አዳራሽ ፎቶ ሲያነሱ ሹፌሩ ውጭ ሆኖ ጥሩንባውን ያንባርቅ ነበር። «ፈረንጅ ናቸው» ተብሎ የተጨመረብኝ ዋጋም ውሉ ላይ የለም።

ስለዚህ ቀብዴና ያለ ውል የጨመራችሁት ገንዘብ እስከ ዓርብ ይመለስልኝ። ለእንግዳዬ በድርጅቱ ማኅተም የይቅርታ ደብዳቤ ይጻፍላቸው፤ ለእህቴ እልካለሁ። ያ ሠራተኛም ራሱ ደውሎ ይቅርታ ይጠይቀኝ። ይህ ካልሆነ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤትና ለባህልና ቱሪዝም ይዤ እሄዳለሁ። ያ ቀበቶ ሳይሠራ ሌላ ሰው ብታሳፍሩበት ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ጋ እደርሳለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ