ማን ሞቶ ነው ድንኳኑ?

ለእማዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ? እኔም ልጆቹም ደህና ነን፣ ተመስገን። ይህን ደብዳቤ መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለእህቴ አትስጪያት፤ እሷ ያልጣማትን እየዘለለች ነው የምታነብልሽ።

በደወልኩ ቁጥር «ያ ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ እንዴት ሆነ?» ትይኛለሽ። እኔ ደግሞ «እማዬ አይሰማም፣ ኔትወርኩ ተቆራረጠ» እያልኩ አመልጣለሁ። ኔትወርኩ ደህና ነበር።

የመጣሽ ዕለት ትዝ ይልሻል? ከኤርፖርት ወደ ቤት ስንነዳ፣ ድልድዩ ሥር የተደረደረውን ድንኳን አይተሽ ነጠላሽን አዘቀዘቅሽ። «ይሄ ሁሉ ድንኳን! ማን ሞቶ ነው?» አልሽ። እኔ በሳቅ ፈረስኩ። «ኧረ ማንም አልሞተም፣ ሆምለሶች ናቸው፣ ቤት የሌላቸው» አልኩሽ። አንቺ ግን ቤት እስክንገባ ነጠላሽን አልመለስሽውም።

በሳምንቱ መሃል ሲያትል፣ ፓዮኒር ስኩዌር ላይ ሰውዬውን አገኘነው። ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ቦርሳሽን ከፍተሽ ከደሴ ያመጣሽውን ቆሎ በሁለት እጅሽ ሰጠሽው። እኔ ጮህኩብሽ። «ተይ! ሱሰኛ ነው። እግር እጅ እያለው ሠርቶ አይበላም?» አልኩ። «የኔ ቢጤ ነው» አልሽኝ። «ያንቺ ቢጤ አይደለም!» ብዬ ክንድሽን ይዤ ሄድኩ። የዚያን ዕለት ቡና አፍልተሽ አቦሉን ብቻ ሰጠሽኝ። ቶናውን ለብቻሽ ጠጣሽ።

ያኔ ያልነገርኩሽ ነገር አለ። አሜሪካ የገባሁ ሰሞን «ቤት ተከራይቻለሁ» ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ውሸት ነው። ሰባት ወር በአንድ የደሴ ልጅ ሶፋ ላይ ነው ያደርኩት። የኪራይ ውሉ ላይ ያለው የእሱና የሚስቱ ስም ብቻ ነው። እንግዳ ከጥቂት ሳምንት በላይ ማሳደር ክልክል ነው፤ ከተደረሰበት እነሱም ይባረራሉ። ስለዚህ ከመንጋቱ በፊት እወጣለሁ፣ ከመሸ እገባለሁ። ጫማዬን በር ላይ አላወልቅም። በፌስታል ጠቅልዬ ሶፋው ሥር እከታለሁ፣ ሦስተኛ ጫማ እንዳይታይ። አንድ ቀን አከራዩ ድንገት መጣና ሻወር ውስጥ ልብሴን እንደለበስኩ አርባ ደቂቃ ቆምኩ።

አስቂኙ ነገር፣ መንግሥት በየዓመቱ ጥር ላይ አንድ ሌሊት ወጥቶ ቤት የሌለውን ሰው ሲቆጥር እንደኔ ሰው ሶፋ ላይ ያለውን አይቆጥርም። የትምህርት ቤት ሕጉ ደግሞ በችግር ዘመድ ቤት የተጠጋን ልጅ ቤት አልባ ይለዋል። ስለዚህ እኔ ሆምለስ ነበርኩም፣ አልነበርኩምም። «ሁለት ሥራ ሠርቼ በላቤ ነው የቆምኩት» እያልኩ ስፎክርብሽ ሶፋውን ዘልዬው ነበር። ላቡም እውነት ነው። ግን ላቤን ታጥቤ የማድርበት ቦታ ሰው ሰጥቶኛል።

ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምረሽ የለ? እንግዲህ ይህን ሥሪው። ሲያትል ውስጥ በ2025 በፈረንጆቹ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 20 ዶላር ከ76 ሳንቲም ነበር። በሳምንት 40 ሰዓት የሠራ ሰው ግብር ሳይቆረጥበት በወር 3,600 ዶላር ገደማ ያገኝ ነበር። ባለ አንድ መኝታ ቤት ኪራይ ወደ 2,000 ዶላር ነበር። ብዙ አከራይ ደግሞ የኪራዩን ሦስት እጥፍ ገቢ አሳየኝ ይላል፣ ማለትም 6,000። በዚያ ላይ ክሬዲትህ፣ ማለትም የብድር አከፋፈል ታሪክህ፣ እንዴት ነው፣ ከቤት ተባረህ ታውቃለህ ይላል። ይሄ እንግዲህ ከአገሩ ሁሉ ከፍ ያለ ከሚከፈልባቸው ከተሞች በአንዱ ነው። የፌዴራሉ ዝቅተኛ ክፍያ ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ላይ እንደተቸከለ ነው። መንግሥት ኪራይ ይደጉማል ይባላል፤ ይደጉማል፣ ግን ከሚገባቸው አራት ቤተሰቦች የሚደርሰው ለአንዱ ነው። ሌላው ይጠብቃል። ብዙ ቦታ እንደ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ነው። በጥር 2024 በዚያ አንድ ሌሊት በመላው አሜሪካ የተቆጠረው ቤት የሌለው ሰው 771,480 ነበር።

«ታዲያ ሱሱስ?» ትይኛለሽ። አለ እማዬ፣ አልዋሽሽም። የሌሊት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ኋላ ወንበር ላይ ፌንታኒል የሚባል አደንዛዥ ዕፅ ያጨሱብኛል፤ በታኅሣሥ ብርድ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ ነድቻለሁ። አንዳንዴ ከመናደዴ ብዛት ሁሉንም አራግፌ ብሄድ እላለሁ። ግን አንድ ነገር አልገባ ይለኝ ነበር። ዌስት ቨርጂኒያ የሚባል ክፍለ ሀገር አለ፤ ብዙ ዓመት በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ ሞት አንደኛ ሆኖ የቆየ። እዚያ ደጅ የሚያድረው ሰው ከእኛ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው። ለምን? ቤቱ ርካሽ ነው። ሱሰኛውም ቤቱ ገብቶ ነው የሚሰክረው።

የሥራ ባልደረባዬ ይህን ስነግረው ይስቅብኛል። ጥቁር አሜሪካዊ ነው፣ ከአላባማ የመጣ። እሱ ራሱ አውቶቡስ እየነዳ ስምንት ወር መኪናው ውስጥ ኖሯል፣ ዩኒፎርሙን መስኮት ላይ እየሰቀለ። ይራራል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ ከሁላችንም የጨከነው እሱ ነው። «እኔ ወጥቻለሁ፣ እነሱም ይውጡ» ይላል። ልከራከረው ስል የኔኑ የድሮ አፍ እሰማለሁና ዝም እላለሁ።

አገሩም በሁለት ሐሳብ ተከፍሏል። ከኛ በታች ኦሪገን በሚባለው ክፍለ ሀገር ውስጥ ግራንትስ ፓስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ደጅ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ያደረውን ትቀጣ ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሰኔ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ ከተማዋ ረታች። ከተቃወሙት ዳኞች ሶቶማዮር የሚባሉት ሴትዮ፣ እንቅልፍ የተፈጥሮ ግዴታ እንጂ ወንጀል አይደለም ብለው ጻፉ። አንዱ ወገን በቅድሚያ ቤት ስጠው፣ ሕክምናው ይከተላል ይላል። ሂውስተን የምትባል የቴክሳስ ከተማ በዚህ መንገድ ከ2011 ወዲህ ቁጥሩን ከግማሽ በላይ ቀንሳለች። ሌላው ወገን አስቀድሞ ይታከም፣ እምቢ ካለም በግድ ይላል፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሐምሌ 2025 የፈረሙት ትእዛዝ ወደዚህ ያደላል። እኔ ወደ ሂውስተን አደላለሁ። ሱስ የያዘው ሰው መድኃኒቱን የት ያስቀምጠው? ቀጠሮውንስ በየትኛው አድራሻ ይላኩለት?

አንቺንም ግን አልተውሽም። «እኛ አገር ቢሆን ዘመድ ይይዘው ነበር» ትያለሽ። እማዬ፣ ፒያሳ ላስቲክ ለብሰው የሚያድሩት ልጆች ዘመድ አጥተው ነው? ዘመድም አቅም ይጨርሳል። ደግሞ ቆሎ ኪራይ አይከፍልም። ይሄን ስል ያንን ፊትሽን እንዳታሳዪኝ።

አሁን ወደ ሰውዬው። ባለፈው ኅዳር ሌሊት አውቶቡሴ ላይ ተሳፈረ። ቀይ ኮፍያው ነው ያስታወሰኝ። መጨረሻ ፌርማታ ላይ ሁሉም ይወርዳል፤ እሱ «ዝናብ ነው፣ እረፍትህ እስኪያልቅ ልቀመጥ?» አለኝ። ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይመጣል። አሥር ደቂቃ እናወራለን። ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤት ሠራተኛ ነበር። እናቱን እያስታመመ ከእሷ ጋር ነበር የሚኖረው። ቤቱ ድጎማ ያለው ነው፣ በእሷ ስም። እሱ ውሉ ላይ የለም። ስትሞት ቤቱን መልስ ተባለ። መጀመሪያ መኪና፣ ከዚያ መኪናው ተጎትቶ ሲወሰድበት ድንኳን። መጠጡ ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ አልጠየቅኩትም።

እና እማዬ፣ ለካ ሰው ሞቶ ነበር።

ቤቴ አስገብቼዋለሁ ብዬ እንድጽፍልሽ ትጠብቂ ይሆናል። አላስገባሁትም። «የኪራይ ውሉ አይፈቅድም» ብዬ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት። ውሉን ገልጬ አላየሁትም። ልጆቹ አሉ፣ ሚስቴ አለች፣ እኔም ፈራሁ። አንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋ ወስጄ ዕጣው ውስጥ አስመዝግቤዋለሁ። ፖስታው በእኔ አድራሻ ነው የሚመጣው። እስካሁን አልመጣም።

አንቺን ያስታውስሻል። «ነጭ ልብስ የለበሱት እናት» ነው የሚልሽ። ቆሎውን ግን አልበላውም። ጥርሱ አልቋል፤ ከኋላ ሁለት ብቻ ናቸው የቀሩት። አንድ አንድ ፍሬ አፉ ውስጥ እያቆየ እስኪረጥብ ይመጠው ነበር አለኝ፣ ከወር በላይ።

የጎረቤታችን ልጅ ለጥምቀት ደሴ ትገባለች፣ ስትመለስ ለኔ ምንም አትላኪ። በሶ ስጫት። ልቅም ብሎ የተነፋውን።

ልጅሽ