የአይሲቲ ክበብ በ2017 ዓ.ም.፦ እየሞቁ የሚጠፉት ኮምፒውተሮቻችን

ክበባችን ዘንድሮ ብዙ ሥራ ሠርቷል። ለ9ኛ ክፍል ተማሪዎች የአማርኛ ትየባ ሥልጠና ሰጥቷል፤ የቤተ መጻሕፍቱን መዝገብ ወደ ኤክሴል ገልብጦ አስረክቧል፤ በወላጆች ቀን ድምፅና ፎቶውን ይዟል። እነዚህን በዚሁ ልለፋቸውና ዓመቱን ሙሉ ስላነጋገረን ጉዳይ ልጻፍ።

ነገሩ የጀመረው በኅዳር ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን መሰጠት ስለጀመረ ተፈታኞቻችን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተር ክፍል እየገቡ ይለማመዳሉ። በመስኮቱ በኩል ያለው ዴስክቶፕ ታዲያ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ያለ አንዳች መልእክት ድርግም ይላል። ወዲያው ሲያበሩት ተመልሶ ይጠፋል፤ አረፍ ብሎ ሲከፈት ደግሞ ጤነኛ ይመስላል። አባላቱ በአንድ ድምፅ "ቫይረስ ነው፣ ፎርማት ይደረግ (በውስጡ ያለው ሁሉ ይደምሰስ)" አሉ። ኮምፒውተር ባስቸገረ ቁጥር ቶሎ የሚታዘዘው ይኸው ስለሆነ አልፈረድኩባቸውም። ነገር ግን ምክንያቱ ሳይታወቅ የተማሪ ፋይል መጥፋት የለበትም ብዬ ስለማምን አልፈቀድኩም። መጀመሪያ እንለካ ተባባልን።

ኮምፒውተሩ ሲነሳ ዲሊት ተጭነን ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ፕሮግራም) ውስጥ ገባን። የፋኑ (የማራገቢያው) ዙርና የፕሮሰሰሩ (የዋናው አስሊ ቺፕ) ሙቀት እዚያ ተጽፏል። ፋኑ ይዞራል፤ ሙቀቱ ግን ምንም ሥራ ሳይኖር ከ80 ዲግሪ አልፎ ሲወጣ ሁላችንም ቆመን አየነው። ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፤ ስለዚህ ጥፋቱ የዊንዶውስም የቫይረስም ሊሆን አይችልም። የቫይረሱ ወሬ እዚያው ላይ አበቃ። ብዙዎቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች 100 ዲግሪ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ አሁንም ከጨመረ ኮምፒውተሩ እንዲጠፋ ያደርጋሉ። "ኮምፒውተሩ ዘገመ" የሚለው አቤቱታም አንዳንዴ ከዚሁ ይመጣል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ "በደብረ ብርሃን ብርድ ኮምፒውተር እንዴት ይሞቃል?" ብላ ጠየቀች። ከዓመቱ ጥያቄዎች ሁሉ ይህን አብልጬ ወድጄዋለሁ። የፊዚክስ መምህራችን መጥተው አስረዱን፦ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ከ70 በመቶ እምብዛም አይበልጥም። ፋን የሚያቀዘቅዘው አየር እየገፋ ነው፤ የሳሳ አየር ደግሞ ይዞ የሚሄደው ሙቀት ያነሰ ነው። ብርዱ ይጠቅመናል፤ ከፍታው ግን ከጥቅሙ ላይ ይቀንስብናል።

ቀጥሎ ኬዙን (የኮምፒውተሩን ሣጥን) ከፈትን። ገመዱ ተነቀለ፣ የቀረው ኃይል እንዲያልቅ የማብሪያው ቁልፍ ተጫን ተደረገ፣ እጅ ላይ ያለው ስታቲክ እንዲወርድ ሁሉም የኬዙን ብረት ነካ። ከፕሮሰሰሩ ላይ ሙቀት በሚስበው አሉሚኒየም፣ በሂት ሲንኩ፣ ክንፎች መካከል አቧራው ጋቢ ሆኖ ተነባብሯል፤ ቀለሙም ነጣ ያለ ነው፤ ግማሹ የጠመኔ ብናኝ ነበር። በብሎወር ስንነፋ ፋኑን በእርሳስ ያዝነው፤ በንፋሱ ከልክ በላይ ከዞረ መሽከርከሪያው ይጎዳል። ተጸድቶ ተለካ፤ ሙቀቱ ወረደ፣ ግን በጥቂቱ ብቻ። አቧራ ጠርጎ "አለቀ" ማለት እዚህ ላይ ነው የሚያታልለው።

ዋናውን ያገኘው ብዙም የማይናገር የ9ኛ ክፍል ልጅ ነው። ሂት ሲንኩን በጣቱ ጫን ሲያደርገው በአንድ ጎን ወዝወዝ አለ። በስልክ መብራት ስናይ ሂት ሲንኩን ከማዘርቦርዱ (ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ቀዳዳዎች ጋር ከሚያያይዙት አራት የፕላስቲክ እግሮች አንዱ ጨርሶ አልገባም። በዚያ በኩል በፕሮሰሰሩና በአሉሚኒየሙ መካከል ክፍተት ተፈጥሯል፤ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። ስናወርደው በሁለቱ መካከል ሙቀት የሚያሻግረው ቅባት፣ ተርማል ፔስቱ፣ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። አሮጌውን ከፋርማሲ በተገዛ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ ጠርገን፣ አልኮሉ እስኪደርቅ ጠብቀን፣ መሐል ላይ ከሽምብራ ፍሬ ያነሰ አዲስ ፔስት አደረግን። እግሮቹን በተራ ሳይሆን በሰያፍ፣ ከአንዱ ወደ ትይዩው እየሄድን፣ እያንዳንዱ ቋ እስኪል ተጫንናቸው። ባዮስ ስንገባ ሙቀቱ 40ዎቹ ውስጥ ነበር። ልጆቹ አጨበጨቡ።

ከዚያ በኋላ የቀሩትንም በየተራ አየን። አንደኛው ሲሠራ እንኳ የጨርቅ ሽፋኑ ከኋላው አይነሳለትም ነበር፤ የአየር መውጫው ታፍኖ ኖሯል። ወለል ላይ የተቀመጡት ኬዞች ጠረጴዛ ላይ ወጡ። የአንዱ ማዘርቦርድ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ትናንሽ ክፍሎች) አብጠው ስለተገኙ ለመለዋወጫ ተቀመጠ። በክበቡ ጥያቄ ጥቁር ሰሌዳው ወጥቶ በማርከር የሚጻፍበት ነጭ ሰሌዳ ገብቷል፤ ርእሰ መምህራችን ሳያመነቱ ስለፈቀዱልን ከልብ እናመሰግናቸዋለን።

ለ2018 ዓ.ም. የራሳችን ብሎወርና ተርማል ፔስት እንዲገዛልን ጠይቀናል። ጽዳቱ አቧራ በሚበረታበት በበጋው ወራት ይሆናል። በእያንዳንዱ ኬዝ ጎን ቀንና የሙቀት መጠን የሚጻፍበት ወረቀት ለጥፈናል፤ ከቀድሞው ከፍ ያለ ቁጥር ያየ ተማሪም ሆነ መምህር ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ለክበቡ ይንገረን።