ስለ ተሳሳተ የኋላ ፍሬን ዲስክ የቀረበ ቅሬታ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል፣

የመኪናዬን የሻንሲ ቁጥር ሰጥቼ ሁለት የኋላ ፍሬን ዲስክ ከነሸራው አዝዤ ነበር። በሁለቱም ካርቶን ላይ የተለጠፈው የዕቃ ቁጥር አንድ ነው። ውስጡ ያለው ግን አንድ አይደለም።

ቤቴ ውስጥ ፍሬን ስቀይር የመጀመሪያዬ አይደለም። የግራውን ረጋ ብዬ ጨረስኩ። የዚህ መኪና የኋላ ፒስተን፣ ማለትም ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚገፋው ብረት፣ ተገፍቶ አይገባም፤ እየተሽከረከረ ነው የሚገባው፣ ጊዜ ይወስዳል። ቀኙ ላይ ስደርስ የካሊፐሩ (ፒስተኑን የያዘው፣ ዲስኩን የሚያቅፈው ክፍል) መያዣ ብሎኖች ከቀዳዳቸው ጋር አልገናኝ አሉ። መጀመሪያ ጥፋቱን ከራሴ ፈለግኩ። ዲስኩን አወጣሁት፣ የሚቀመጥበትን ቦታ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ፣ መልሼ አስገባሁት። ያው ነው። በመጨረሻ አሮጌውን ዲስክ አዲሱ ላይ አስተኛሁት። አዲሱ ዙሪያውን የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ተርፎ ታየ። ከዳር እስከ ዳር ለካሁት፤ 280 ሚሊ ሜትር። የግራውም አሮጌዎቹም 260 ናቸው።

ካርቶን ሲያሽጉ እጅ ሊስት ይችላል፤ በዚህ አልጣላም። ያስደነገጠኝ ስደውል የተሰጠኝ መልስ ነው። «መያዣውን በግራይንደር ትንሽ ሞረድ ቢያደርጉት ይገባል» ተባልኩ። ፍሬን ሲረገጥ ሸራዎቹን አጥብቆ የሚይዘው እኮ ያ ብረት ነው! አንድ ሌላ ሰው ይህን ምክር ሰምቶ፣ ሞርዶ፣ ልጆቹን ጭኖ ቢወጣስ?

ቀጥሎ ደግሞ «አንዴ ከተገጠመ አይመለስም» አላችሁኝ። ዲስኩ አልተገጠመም። ሊገጠም አልቻለም።

አንዱን ጎን አዲስ፣ ሌላውን አሮጌ አድርጌ አልነዳም፤ ፍሬኑ እኩል አይዝም። አሮጌዎቹን እንዳልመልስ ደግሞ ዝቅተኛ ውፍረታቸው 8 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ተጽፎባቸዋል፤ እነሱ ግን 7.5 ደርሰዋል። መኪናዋ መደገፊያ ላይ እንደቆመች ናት።

ስለዚህ ትክክለኛው ዲስክ በእናንተ ወጪ ይላክልኝ፣ የተሳሳተውንም አስወስዱ። በዚሁ ቁጥር መጋዘን ውስጥ የቀሩ ካርቶኖች ካሉ ለሌላ ሰው ሳይላኩ ተከፍተው ይለኩ። ስልክ ለሚያነሱ ሠራተኞቻችሁም የፍሬን ዕቃ ሞርዱ ብለው ማንንም እንዳይመክሩ አጥብቃችሁ ንገሩልኝ።

የሁለቱን ዲስኮችና የካርቶኖቹን ፎቶ ከደረሰኙ ጋር አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር