አባባ፣ ክኒኑን አይክፈቱት

ይድረስ ለአባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ከድሬዳዋ ሙቀት በቀር ደህና ነን።

እህቴ በስልክ የነገረችኝ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። የነቀዝ ክኒን ገዝተው ከአልጋዎ ሥር አስቀምጠዋል አሉ፤ የማሽላው ጆንያ ደግሞ እዚያው ራስጌዎ ተደርድሯል። አባባ፣ እባክዎ አይክፈቱት። ያ ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኘው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ጋዙ ነቀዝንና ሰውን አይለይም። «መስኮት እከፍታለሁ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። በሐረር ብርድ መስኮት ከፍተው ሲያድሩ አይቼዎት አላውቅም! እንደታሸገ ለግብርና ባለሙያው ያስረክቡት።

ለመስቀል ስመጣ ከከረመው ማሽላ ጆንያ ውስጥ እጄን ሰድጄ ነበር። ውስጡ ሞቋል። ሳወጣው ከጣቶቼ መሀል ዱቄት ረገፈ፤ መዳፌ ላይ የቀረችው ነቀዝ እግሮቿን ሰብስባ የሞተች መሰለች፤ ጥቂት ቆይታ ኩምቢዋን ቀስራ መንገዷን ቀጠለች።

በሚኒባስ የላክሁልዎ የኒም ፍሬ ዱቄት ነው። ዛፉ የሐረርን ብርድ አይወድም፤ እዚህ ግን የመንገዱ ጥላ ሁሉ እሱ ነው። ልጆቹ ቢጫ ፍሬውን ለቀሙ፣ ሥጋውን አጥበን ፍሬውን በጥላ አደረቅነው፤ ፀሐይ ኃይሉን ይሰብረዋል። የወቀጥሁት እኔ ነኝ፤ ሽታው እስከ ዛሬ ከእጄ አልለቀቀም።

ለአንድ ኩንታል 2 ኪሎ ያህል አገላብጠው ያዋህዱ። እንደ ክኒኑ ባንድ ሌሊት ይጨርሳል ብለው ግን አይጠብቁ፤ ነቀዙን ከመብላትና ከመራባት ያግደዋል እንጂ። ደግሞም እናቲቱ ነቀዝ የማሽላውን ፍሬ ቦርቡራ እንቁላሏን ከውስጥ ትጥልና ቀዳዳውን ትደፍነዋለች፤ ዱቄቱ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ አዲሱን ማሽላ አስቀድመው ያስጡት፣ ያበጥሩት፤ ከከረመው ጋር ከቶ አይቀላቅሉት። ከ3 ወር በኋላ ዱቄቱ ስለሚደክም እጨምርልዎታለሁ። ለወፍጮ ሲያወጡት እህቴ በደንብ ነፍታ ትጠበው፤ አለዚያ እንጀራው ይመርራል።

«የቅጠል መድኃኒት!» ብለው ሳይስቁብኝ አይቀሩም። የአያቴ የማሽላ ጉድጓድ ያለ ክኒን አልነበር እንዴ የሚከርመው? አፉን በጭቃ ሲያፍኑት ውስጡ ያለው አየር ያልቃል፣ ነቀዙም አብሮ ያልቃል።

ጣሳውን ባዶውን ይላኩልኝ፤ ልጆቹ ሁለተኛ ዙር ለቀማ ጀምረዋል።

ልጅዎ